የአያት የብረት ቆብ ጌጥ ነው ወይስ ማስታወሻ?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዕድሜ ጠገብ ወደ ሆነ ቤት ጎራ ብላችሁ በቆጥ ላይ፣ በአልጋ ሥር ወይም በጓዳው ጥግ አቧራ የለበሰ የብረት ቆብ ብታገኙ አትደነቁ። በአንዱ ቤት ዶሮዎች ውኃ ይጠጡበታል። በሌላው ቤት የከሰል መያዣ ሆኗል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ልጆች በየተራ በራሳቸው ላይ እየደፉ «ጦርነት ጦርነት» ይጫወቱበታል። «የማን ነበር? ከየትስ መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መልስ «የአያታችን መሰለኝ» ወይም «ቤቱን ስንገዛ እዚሁ አገኘነው» የሚል ነው።

የጥንት የጦር ቆብ እየሰበሰቡ በሳሎን መደርደር በሌላው ዓለም የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በእኛም አገር ከቤተሰብ የወረሱትን ወይም ከገበያ የገዙትን አጽድተው ለእንግዳ የሚያሳዩ አሉ። ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ቤቱን የምታስተዳድር እናት አስቀድማ አንድ ነገር ራሷን ልትጠይቅ ይገባል። ይኸውም «ይህ ቆብ በልጆቼ ፊት ሲቀመጥ ምን ያስተምራቸዋል?» የሚለው ነው። የብረት ቆብ እንደ አበባ ማስቀመጫ ያለ ተራ ጌጥ አይደለም። የሰው ራስ የነበረበት ዕቃ ነው። ስለሆነም በአግባቡ ተቀመጠ የሚባለው ለባሹን ሲያስታውስ፣ ለባሹን ብቻ ሳይሆን በቤት ሆና ስትጠብቀው የነበረችውንም ሲያስታውስ ነው።

ቆቦቹ ከየት መጡ?

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ እኅትማማች ከተሞች ናቸው። ከሰሜን ወደ መሐል አገር የሚወስደው ዋና መንገድ ስለሚያልፍባቸው ጦርነት በተነሣ ቁጥር ገፈቱን መቅመሳቸው አልቀረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በደሴ ሰፍረው ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቧት። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። ከ5 ዓመት በኋላም የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ ተራሮች ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋጋ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ነፃ ወጣች። ወራሪውም ሆነ ነፃ አውጪው ጦር ሲያልፍ በየሸንተረሩ የጣለው ብረት ብዙ ነበር። ገበሬው እያነሣ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ የከተማው ሰውም መሠረት ሲቆፍር አገኘው።

ከዚያ ወዲህ የመጡም አሉ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ዘማቾቹ በዚያ የለበሱት የአሜሪካን የብረት ቆብ ነበር። ከ1970 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ወደ አገራችን ሲገባ ቆቡም አብሮ ገባ። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ የአያት፣ የአባትና የወንድም ቆብ ቢገኝ የሦስት ትውልድ ታሪክ ተቀምጧል ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢያን አትዘነጉትም። ሁለቱ ከተሞች ኅዳር 27 ቀን ተመልሰው እስከሚያዙ ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ሳምንታት በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚገኘው የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም የደረሰባቸው ጉዳት ከባድ ነበር። ከዚህ የምንማረው አለ። በሙዚየም የተቀመጠ ቅርስ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በየቤቱ ያለው ዕቃ ከነታሪኩ ከተያዘ ግን የከተማው ትዝታ በአንድ ቀን አይጠፋም። የቤት እመቤት ሳታውቀው የሙዚየም ጠባቂ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቆቡን በመልኩ ለዩት

ማንኛውንም ዕቃ ከማስቀመጥ በፊት ምንነቱን ማወቅ ያሻል። የሚከተሉት ምልክቶች ይረዷችኋል።

ቀለል ያለ፣ ከቡሽ ተሠርቶ በካኪ ጨርቅ የተለበጠ፣ ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው ከሆነ የፀሐይ መከላከያ ቆብ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከዘመቱት የጣሊያን ወታደሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ይለብሱ ነበር።

ክብ ሆኖ ጠርዙ አጭር፣ በአካሉ ላይም ሦስት የሪቬት ምልክቶች ያሉበት የብረት ቆብ ከሆነ በፈረንጆች 1933 ተሠርቶ የወጣው የጣሊያን ቆብ ሳይሆን አይቀርም። በአናቱ ላይ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚሄድ የብረት ጉትዬ ያለው ደግሞ ፈረንሳዮች በ1907 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀመሩት ዓይነት ነው። እርሱንም ጣሊያኖች ተጠቅመውበታል።

የተደፋ ዝርግ ሳህን የሚመስለው የእንግሊዝ ነው። በ1933 ዓ.ም. በኮምቦልቻ በኩል ያለፉት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የለበሱት ይህን ነበር። ሁለት ቆቦች አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰካ መስሎ ከታያችሁና የውስጠኛው ቀለል ያለ ሆኖ ከብረቱ የሚወጣ ከሆነ የአሜሪካን ነው። ወታደሮች የውጪውን ብረት እያወጡ ውኃ ይቀዱበትና ፊታቸውን ይታጠቡበት ነበር።

ከብረት ቆብ በፊት የእኛ ጀግኖች የአንበሳ ጎፈር ይደፉ እንደ ነበርም ለልጆች መንገር አይከፋም። ጎፈሩ የሚያስፈራ ግርማ ነበረው፤ ጥይት ግን አይመልስም። ልጅ ይህን ሲሰማ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ በራሱ ያስተውላል።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

እናቶች ሆይ፤ ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። በመጀመሪያ ደረጃ በሜዳ፣ በገደል ወይም በፈረሰ ምሽግ ውስጥ የተገኘ የጦር ብረት ቆብም ቢመስል አይነካም። በአካባቢው ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላልና ልጆች ሲያዩ ሳይቀርቡ፣ ድንጋይም ሳይወረውሩ ቦታውን ለይተው ለታላቅ ሰው እንዲናገሩ፣ ታላቁም ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ እንዲያመለክት አስተምሯቸው። ጥይት፣ ቦምብና ቀለሃው ያልታወቀ ማንኛውም ነገር ለቤት ጌጥ አይሆንም። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሠራዊት ንብረት የሆነ ቆብ ቢገኝም ማስረከብ እንጂ ማኖር አይገባም።

ሁለተኛ፣ በድሮ የጦር ዕቃዎች ላይ የተቀባው ቀለም እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ስለዚህ ቆቡን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ ቅርሱንም ጤናንም ያበላሻል። ቀለሙ የሚረግፍ ከሆነ ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በዚሁ ምክንያት እህልም ሆነ የዶሮ ውኃ ሊኖርበት አይገባም። ከቆቡ ጋር የድሮ የመርዝ ጭስ ጭንብል ካላችሁ ማጣሪያው በአንዳንዱ ላይ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ይይዛልና ማንም በፊቱ ላይ አያጥልቀው፤ ማጣሪያውም አይከፈት።

ሦስተኛ፣ አጸዳዱ እንደ ድስት አይደለም። ውኃ፣ ሳሙና፣ አመድና የብረት ሹራብ ክልክል ናቸው። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ፣ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ስትይዙት በሁለት እጅ ከሥሩ ደግፋችሁ እንጂ የአገጩን ጠፍር ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፤ ቆዳው ያረጀ ስለሆነ ይበጠሳል። ቆዳው ደርቋል ብላችሁም ቅቤ ወይም የወጥ ዘይት አትቀቡት፤ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። በእንደ ገና ቀለም መቀባትም ስሕተት ነው። በውስጡ የተጻፈ ስም ወይም ቁጥር ካለ የሚጠፋው ያኔ ነውና። ጭረቱና ሰርጉዳቱም የታሪኩ ክፍል ነው።

እንዴት እናስቀምጠው?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ በቤት ውስጥ ካለው ነገር የሚሠሩ መላዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቅል ማቆሚያ ነው። ራስ የሚያህል ደረቅ ቅል ፈልጉ። ከሥሩ ቆርጣችሁ በአንድ ጣውላ ላይ አስተካክላችሁ አቁሙት። ከዚያ በታጠበ አቡጀዲ ወይም በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉትና ቆቡን ድፉበት። ለኮምቦልቻ ሠራተኞች ከልብስ ስፌት የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ ብርቅ አይደለም። ይህ አሠራር ከውበቱ ሌላ ጥቅም አለው። የቆቡ ክብደት በጠርዙ ላይ ብቻ ከማረፍ ይልቅ በውስጠኛው ክፍል ላይ ስለሚከፋፈል ቆዳውና ጨርቁ አይጨማደዱም። ከብየዳ ቤት የብረት ማቆሚያ የምታሠሩም ብትሆኑ ብረት ብረትን እንዳይፍቅ ጫፉን በጨርቅ ማልበስ አትርሱ።

ሁለተኛው ቡፌውን መጠቀም ነው። በየሳሎኑ ባለው ባለ መስተዋት ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ አንዱን መደዳ ለቀቅ አድርጉለት። መስተዋቱ አቧራንና የልጆችን እጅ ይከላከላል። ደሴ ደጋ ስለሆነች በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ እርጥበት ደግሞ ለብረት ጠላት ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ከቆቡ ሥር ብታኖሩ ዝገትን ያዘገያሉ። ሆኖም ልጆች ወደ አፋቸው እንዳይወስዷቸው ተጠንቀቁ። በኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ አየር ደግሞ ቆዳና ጨርቁን የሚያደርቀው ፀሐይ ነውና ከመስኮት አርቁት። በሁለቱም ከተሞች የምድጃ ጭስና እንፋሎት ካለበት ክፍል ይራቅ።

ሦስተኛው የግድግዳ አሰቃቀል ነው። ያማረ የወሎ ሰፌድ በግድግዳው ላይ ስቀሉና በፊቱ ትንሽ መደርደሪያ አድርጋችሁ ቆቡን አኑሩበት። የሰፌዱ ቀለም ለደብዛዛው ብረት ጥሩ ዳራ ይሆነዋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ምስማሩ ማገሩን መያዙን አረጋግጡ። አንድ የብረት ቆብ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ከአልጋና ከልጆች መጫወቻ በላይ ፈጽሞ አይሰቀልም።

አራተኛው ከአንድ በላይ ቆብ ላላቸው ነው። እንደ ሱቅ ዕቃ በመጠናቸው አትደርድሯቸው፤ በዘመናቸው ተራ ከግራ ወደ ቀኝ አስቀምጧቸው። የ1928ቱ፣ የ1933ቱ፣ የኮሪያው፣ ከዚያም የኋላው። ከእያንዳንዱ ሥር ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በመካከሉ ያለፉትን የሰላም ዓመታት ለማሳየት ባዶ ቦታ ተዉ፤ በዚያም የሠርግ፣ የምረቃ ወይም የአዝመራ ፎቶግራፍ ይግባ። ልጆች የቤተሰቡ ታሪክ ጦርነት ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ይገባቸዋል።

ግማሹ ታሪክ የት አለ?

አምስተኛው መላ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሴቷን ድርሻ ከቆቡ ጎን ማኖር። ዘማች ያለ ስንቅ አልዘመተም። ስንቁን የቆላች፣ የፈጨች፣ በስልቻ የቋጠረች እናት፣ ሚስት ወይም እኅት ነበረች። በ1928ቱ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ፋሻ ያዘጋጁ፣ የመርዝ ጭስ መከላከያ ጭንብልም ይሰፉ ነበር። ታዲያ በየሳሎኑ የወንዱ ቆብ ብቻውን ሲቀመጥ ግማሹ ታሪክ ጎደለ ማለት አይደለምን? ከቆቡ ጎን የአያትን አገልግል፣ ያሸገችውን ደብዳቤ ቅጂ ወይም የፈተለችበትን እንዝርት አኑሩ።

በኮምቦልቻ በፋብሪካ ሥራ የምትተዳደር አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ኮሪያ የዘመቱት አማቷ ካረፉ ቆይተዋል። ቆባቸው በደሴው ቤት ጓዳ ውስጥ ገብስ ይታጠብበት ነበር። አንድ እሑድ ልጆቿን ይዛ አያታቸውን ልትጠይቅ በሄደች ጊዜ ትንሹ ልጅ ቆቡን ደፍቶ ወጣና «እማማ፣ ይሄ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አያት ልጁን አስጠግተው፣ ባላቸው ከዘመቱበት ቀን ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ በየማታው በር ሳይዘጉ መቆየታቸውን፣ የማኅበር ጠላ ሲጠመቅ እንኳ ድርሻቸውን ሲያስቀምጡላቸው መኖራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። ቆቡንም ያኖሩት ብረት ስለሆነ ሳይሆን የባላቸውን ራስ ይዞ ስለተመለሰ መሆኑን ነገሯቸው። ምራቲቱ ይህን ሁሉ ዓመት አብራቸው ስትኖር አልሰማችም ነበር፤ ጠይቃም አታውቅም።

ያ ቆብ ዛሬ ገብስ አይታጠብበትም። በቡፌው ውስጥ ከአያት አሮጌ የበር ቁልፍ ጋር ተቀምጧል። እንግዳ መጥቶ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጡት ልጆቹ ናቸው።

ይህን ስንል ቆቡን ለቤት ሥራ ያዋሉትን እናቶች መውቀሳችን አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር ፋብሪካዎች የወታደር ቆቦችን እየበሱ ማጥለያ፣ እጀታ እየቀጠሉ ድስት ያደርጓቸው ነበር። ድኻ የሆነ ቤት ያገኘውን ይጠቀማል። ዛሬ እነዚያ ማጥለያዎች ራሳቸው በሙዚየም ይታያሉ፤ ጦርነት ካለፈ በኋላ ሴቶች ቤታቸውን እንዴት እንዳቆሙ ይመሰክራሉና። የእናንተም ቆብ ገብስ የታጠበበት ከሆነ ይኸው ይጻፍለት፤ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም።

በጽሑፍ አስፍሩት

ቆቡ ካልተጻፈለት ባዳ ነው። በአንዲት ካርድ ላይ አምስት መልሶችን ጻፉ። ማን ለበሰው? የት? መቼ? ወደዚህ ቤት እንዴት መጣ? ማንስ ጠበቀው? ያልታወቀውን «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ለማሳመር አትጨምሩ። የጣሊያን ቆብ ከሆነም እርሱም የአንዲት እናት ልጅ እንደ ነበረ ለልጆች መንገር ጀግንነትን አይቀንስም። አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ቆቡንም ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አንዱን ቅጂ ከሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። የደሴ ሙዚየም መዘረፍ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ደላላ ወይም እንግዳ «ልግዛችሁ» ቢል ከመስማማታችሁ በፊት የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አማክሩ። ዕቃችሁን ብታስመዘግቡ ዋጋው የሚታወቅ እንጂ የሚወሰድባችሁ አይደለም። ወዳጅ አገር እንኳ የእኛን ትዝታ አልጣለም። በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች በ1960 ዓ.ም. ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣሪያው በጎጆ ቅርፅ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቶላቸዋል።

ሐዘን ባለበት ቤት

በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር እናንሣ። ከ2013 እና ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ልጁን ወይም ባሏን ያጣ ቤት በከተሞቻችን ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ቆቡን ለማሳየት መቸኮል አይገባም። ለአንዷ እናት ማጽናኛ የሆነው ለሌላዋ ቁስል ነው። አባት ሊያወጣው ቢፈልግ እንኳ እናቲቱ ትጠየቅ። እርሷ «ገና ነው» ካለች በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቆይ። ይህም አንድ የማክበር መንገድ ነው። ቀኑ ሲደርስ ራሷ ታወጣዋለች። ልጆችም የአባታቸውን ቆብ ደፍተው እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸው፤ ነገር ግን መንካትና መጠየቅ አይከልከሉ።

እንግዲህ ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፤ በሚመጣው እሑድ ቡና ስታፈሉ ያንን ቆብ ከጓዳ አውጡት። ጎረቤትን ጥሩ፣ አረጋውያንን ከአጠገባችሁ አስቀምጡ። በአቦሉ ማን እንደ ለበሰው፣ በቶናው ማን እንደ ጠበቀው፣ በበረካው ደግሞ ልጆቻችን ዳግመኛ ሌላ እንዳይለብሱ ምን ማድረግ እንዳለብን ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ የት እንደምታስቀምጡት ማወቁ አያስቸግራችሁም።